ሽማግሌ የጫነችው ባለ ቱርቦ ኮሮላ

ባለፈው ሳምንት አለምገና መንገድ ዳር ታክሲ ስጠብቅ መሬት ልትነካ ጥቂት የቀራት ቀይ መኪና አጠገቤ ቆመች። ሹፌሩ ነዳጁን ሁለት ሦስቴ ረገጠና ሲነሳ ከኮፈኗ ሥር "ፊሽሽ" የሚል ድምፅ ወጣ፤ ከኋላዋ ደግሞ በደንብ ያልተቃጠለ የቤንዚን ሽታ አልብሳን ሄደች። ከጎኔ የቆመች ሴትዮ አፍንጫዋን በነጠላዋ ይዛ "ምን ዓይነት ስዶች ናቸው በማርያም!" አለች። እኔ እንኳን አፍንጫዬን ልይዝ ጭራሽ ወደ ውስጥ ሳብኩት። የቱርቦ ሽታ ነዋ! ታክሲው መጣ፣ ሞላ፣ ሄደ፤ እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። አንድ ጡረተኛ በመኪና ጭስ ሆዱ ሲባባ ያየ ሰው ምን እንደሚል አላውቅም፤ ግድም አልሰጠኝ።

እኔ መኪናዬ ላይ ቱርቦ ያስገጠምኩበት ጊዜ የማስተር ፕላን ወሬ አገሩን የሞላበት ጊዜ ነበር። ዓመቱን አትጠይቁኝ፤ እኔ ዘመን የምቆጥረው በነዳጅ ዋጋ ነው፤ ቤንዚን ሊትሩ ሃያ ብር ያልሞላበት ጊዜ ነበር በቃ። ሰበታን፣ ቡራዩን፣ ሱሉልታን ከከተማው ጋር የሚያጠቃልል ካርታ ተሠርቷል ተባለ። ገበሬው "እኔስ የት ልገባ ነው?" አለ፤ ተማሪው ወጣ፤ ጎማ ነደደ፤ መንገዱ በድንጋይ ተዘጋ። ስንት እናት እንዳለቀሰች የሰፈሩ ሰው ያውቀዋል። እኔም ለቅሶ ተቀምጫለሁ፤ ዛሬም ሳስበው ያመኛል። የሰው ልጅ ግን ጉድ ነው፤ በዚያ ሁሉ መሀል ላም ትታለባለች፣ እህል ይፈጫል፣ ሠርግ ይደገሳል። ቡራዩ ሳንሱሲ ጥግ ላይ አንዲት ሻይ ቤት ነበረች፤ መንገድ በተከፈተ ቀን ሁሉ ቦንቦሊኖዋን ጠብሳ፣ ሬዲዮዋን ከፍታ ትጠብቀን ነበር። የታክሲ ረዳቱ "አንድ ሰው! አንድ ሰው!" እያለ በአማርኛ ይጣራና መልሱን በኦሮምኛ ይቆጥራል። እኔ ከሰልባጅ ተራ የገዛኋትን ቡናማ ኮርዶሮይ ኮት ለብሼ፣ ፀጉሬን በቫዝሊን አስተኝቼ፣ ራሴን እንደ ጎረምሳ አያለሁ። ሃምሳን ያለፍኩ ሰውዬ ነበርኩ እኮ! አሁን በዚያች ሻይ ቤት ቦታ ፎቅ ቆሟል፤ ከሥሩ የሞባይል መሸጫ አለ፤ ሻይ ጠጣ የሚል ሰውም የለም።

እኔ ሰበታ በሚገኝ አንድ የዱቄት ፋብሪካ ሹፌር ነበርኩ። ስንዴው ተፈጭቶ የሚተርፈውን ፉርሽካ ሱሉልታ ላሉ ባለ ላሞች አደርሳለሁ። ከብት ካለው ሰው ጋር ስትውል ፉርሽካ ከወርቅ እኩል የሚወራለት ነገር ነው፤ በተለይ ክረምት ሲገባ። ጫልቱን ያወቅኋት በዚሁ ነው። ባሏ የሞተባት፣ ላሞቿን ራሷ የምታልብ፣ ጥቁር ቦቲ ጫማ አድርጋ በወንድ ሹራብ ላይ ሻሽ የምታስር ሴት ነበረች። መጀመሪያ ቀን ገና ከመኪናው ሳልወርድ መጣችና ክንዷን እስከ ክርኗ ጆንያው ውስጥ ከተተች።

"አከም ጅርታ ሹፌር?" አለችኝ።

"ነጉማ፣ ደህና ነኝ።"

"አንተ ደህና ነህ፤ ፉርሽካህ ግን ረጥቧል። ላሞቼን ልትጨርስብኝ ነው እንዴ? መልሰህ ጫነው!"

መልሼ ጫንኩት። በሳምንቱ ጆንያዎቹን አንድ በአንድ እኔው ዳስሼ ደረቅ ደረቁን መርጬ ወሰድኩላት። በትኩስ ወተት ተቀበለችኝ፤ በቆርቆሮ ኩባያ፣ አረፋው ሳይወርድ። ሱሉልታ በዚያ ሰዓት ብርዱ አጥንት ይገባል፤ ኩባያውን በሁለት እጄ ይዤ ቆምኩ። ባለቤቴን ከቀበርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኝ ነበር፤ ኦቦ ቱሉ ግቢ ውስጥ በተከራየኋት አንዲት ክፍል ነበር የምኖረው፤ ሬዲዮዬን ካልከፈትኩ በቀር የሰው ድምፅ የማልሰማባት ክፍል። ያን ቀን ግን እስከ ሰበታ ድረስ ብቻዬን እየሳቅሁ ነዳሁ።

ከዚያ በኋላ ፉርሽካ በሌለበት ቀንም መሄድ ጀመርኩ፤ በራሴ መኪና። መኪናዬ አሮጌ ነጭ ኮሮላ ነበረች፤ ወንበሯ በቀይ ቬሉቶ የተለበሰ፣ መስታወቷ ላይ መቁጠሪያ የተንጠለጠለባት። ችግሩ ዳገቱ ነው። ከአዲሱ ገበያ ወደ እንጦጦ ጫፍ የሚወጣውን መንገድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ኮሮላዬ እዚያ ስትደርስ በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተች ድንጋይ ከጫነ አይሱዙ ኋላ ትሰለፋለች። ከሥራ ወጥቼ ሱሉልታ ስደርስ ፀሐይ ታዘቀዝቃለች፤ በዚያን ጊዜ ደግሞ ሳይመሽ ካልተመለስክ መንገዱ መዘጋቱ ነው። አንድ ኩባያ ወተት ጠጥቼ መመለስ። ጫልቱ በዚህ አትምረኝም።

"እኔ ከዚህ አዲሱ ገበያ በእግሬ ወርጄ፣ ዕቃዬን ገዝቼ ብመለስ እቀድምሃለሁ" ትለኛለች። "መኪናህን ለሙዚየም ስጥና በቅሎ ግዛ።"

ይህን ለማቴዎስ ነገርኩት። ማቴዎስ ከወላይታ መጥቶ ቡራዩ ጋራዥ የከፈተ፣ ከመኪና ሥር ተኝቶ መዝሙር የሚዘምር ጴንጤ መካኒክ ነው። መዝሙሩ ከፍ ካለ ብሎኑ እየተፈታ ነው፤ ዝም ካለ አንድ ነገር ተሰብሯል። ኮፈኑን ከፍቶ አየና ሳቀ።

"ጋሽ በቀለ፣ ሞተሩስ ደህና ነው። እንጦጦ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ትንፋሽ አጥሮት ነው። ቱርቦ እንግጠምላት፤ አየር እየነፋ ይሰጣታል።"

"ቱርቦ? ለዚች? አብደሃል?"

"ቱርቦ መግጠሙ ቀላል ነው፤ ብየዳ ነው። ራስ የሚያዞረው ቤንዚኑ ነው።"

ራስ አዞረን፤ እውነቱን ነው። ቱርቦውን ከተጋጨች መኪና ላይ አገኘነው፤ ማቴዎስም በየደው። ግን ሞተር አየር በበዛለት ቁጥር ቤንዚን ይጠይቃል። አየሩ በዝቶ ቤንዚኑ ካነሰ ሞተሩ ይግላል፣ ያንኳኳል፣ ፒስተኑ ይበሳል፣ አለቀ። በዚያ ላይ ቱርቦው የሚገፋው አየር ቤንዚን የሚረጨውን ኖዝል አፉ ላይ መልሶ ይገፋዋል፤ ስለዚህ የቤንዚኑ ግፊት ቱርቦው በጨመረው ልክ አብሮ መጨመር አለበት። ይህን የምትቆጣጠር ሬጉላተር የምትባል ትንሽ ዕቃ አለች፤ ማቴዎስ ቀጭን ላስቲክ ከሞተሩ አየር መግቢያ ስቦ ሰካላትና "አሁን ቱርቦው ሲነፋ ታውቃለች" አለኝ። የቤንዚኑን ግፊት የምታሳይ ክብ ጌጅም አመጣ። ቤንዚኑ እስከ ጌጇ ድረስ ስለሚመጣ፣ ሰው የሚቀመጥበት አይገባም ብሎ ጌጇን በረጅም ጎማ ከኮፈኑ ሥር አወጣትና በስተቀኝ ከመስታወቱ ውጭ በፕላስተር ለጠፋት፤ ፊቷን ወደ ጋቢናው ወንበር አዙሮ። በሚስቱ የጥፍር ቀለም ቀይ መስመር አሰመረባት፤ መርፌዋ ከዚያ በታች ከወረደች አደጋ ነው። እኔ እነዳለሁ፣ እሱ ከጎኔ ተቀምጦ መርፌዋን ያነባል።

የመጀመሪያውን ሙከራ ያደረግነው ገፈርሳ መንገድ ላይ ነበር። አይ ገፈርሳ! ውሃው በባሕር ዛፉ መሀል ብልጭ ድርግም ይላል፣ ሴቶች ቅጠል ተሸክመው ያልፋሉ፣ እኛ ደግሞ ዳገቱን "ነፋች! ነፋች!" እያልን እንወጣለን። ቱርቦው ሲነሳ ኮሮላዋን ከኋላ ሰው የገፋት መሰለኝ። ወዲያው ማቴዎስ "ወረደ! ወረደ! እግርህን አንሳ!" ብሎ ጮኸ። አነሳሁ። አሮጌው ፓምፕ አልቻለም። ሶማሌ ተራ ሄደን ከትልቅ መኪና የወጣ ፓምፕ ገዛን፤ ሻጩ "ኦርጅናል ነው፣ ወንድሜ ይሙት!" እያለ በወንድሙ ማለ። የነዳጁን ታንክ፣ ሳልባትዮውን፣ አውርደን ፓምፑን ከተትነው። አሁንም ወረደ። ማቴዎስ መዝሙሩን አቁሞ ሙሉ ቀን ተቀመጠ። በኋላ ነገሩ ፓምፑ ሳይሆን ሽቦው ሆኖ ተገኘ፤ ለትንሽ ፓምፕ የተሠራ ቀጭን ሽቦ ለትልቁ ከየት አምጥቶ ኃይል ይስጠው? ከባትሪው ቀጥታ ወፍራም ሽቦ ሪሌ በምትባል ማብሪያ አድርጎ ወሰደለት። ከዚያ በኋላ መርፌዋ ቱርቦው ሲነፋ ሽቅብ ትወጣ ጀመር፤ ማቴዎስ ከጎኔ ሆኖ "ሃሌሉያ" እያለ ያነባታል። ዛሬ ይህን ሁሉ በላፕቶፕ ይጨርሱታል አሉ። ይጨርሱት፤ የገፈርሳን አየር ግን ላፕቶፕ አይሰጣቸውም።

ከዚያማ ማን ይቻለኝ! እንጦጦን በሦስተኛ ማርሽ ወጣሁ። ጫልቱ በሯ ላይ ቆማ "ዛሬ በምን መጣህ?" አለችና ኮፈኗን ከፍቼ ሳሳያት እጇን በሹራቧ ጠርጋ ቱርቦውን ልትነካ ስትል "ያቃጥላል!" ብዬ እጇን ያዝኩ። ትንሽ ቆይቼ ለቀቅኋት። ሁለታችንም ዕድሜያችንን ረስተን አፈርን። በዚያው ሰሞን ሽማግሌ እንደምልክ ነገርኳት፤ እሷም "ይምጡ፣ ውሻ አልፈታባቸውም" አለችኝ። እሺታዋ እንዲህ ነበር።

ከዚያ መንገዱ ተዘጋ። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ ሲከፈት ሲዘጋ። በዚህ መሀል ታላቅ ወንድሟ ኦቦ ደሬሳ ከጊንጪ ደወለላት። ጫልቱ በስልክ የነገረችኝን እንዳለ ልንገራችሁ፤ ያን ቀን ድምጿ ቀዝቅዞ ነበር።

"'እዚያ ሰላም የለም፣ መሬቱም ነገ የማን እንደሚሆን አይታወቅም። እሁድ መጥቼ ከነላሞችሽ እወስድሻለሁ' አለኝ። ሽማግሌ ይመጣል ስለው 'ስንት ሳምንት ነው የሚመጣው? እስከ እሁድ ምሳ ከመጡ አዳምጣለሁ። ካልመጡ ሰውዬው የምሩን አይደለም፤ ትነሻለሽ' ብሏል። እኔ ወንድሜን አላዋርድም በቀለ። ከመጣችሁ እሁድ ነው።"

እሁድ መንገዱ ተከፈተ፤ እግዜር ይመስገን አልኩ። ነዳጅ ማደያው ግን ዝግ ነው። መንገድ ዳር ከጀሪካን የሚሸጥ ቤንዚን አገኘሁ፤ ማቴዎስ አሸተተው፣ በጨርቅ አጠለለው፣ ራሱንም ነቀነቀ፤ ሌላ ግን ከየት ይመጣል? ሽማግሎቼ ሦስት ናቸው። አከራዬ ኦቦ ቱሉ፣ ሰበታ ላይ የተጣላ ሁሉ የሚታረቅበት ሰው፤ የፋብሪካው ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ አቶ ግርማ፣ ሁለት ሰው የሚያክል ግን ከሁለት ቃል በላይ የማይናገር፤ ሦስተኛው ማቴዎስ ራሱ፣ ቱታውን አውልቆ ከረባት አስሮ። እኔ ሹፌር ብቻ ነኝ። ጠያቂው ከሽማግሌ ጋር አይገባም፤ ከሰፈሩ ራቅ ብዬ ቆሜ ልጠብቅ ነው።

ጥፋቱ የጀመረው ከበሩ ነው። ማቴዎስ ለምዶበት የጋቢናውን በር ከፈተ። ኦቦ ቱሉ ነጭ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ከዘራቸውን ይዘው አጠገቡ ቆመዋል። ሽማግሌ ቆሞ ማቴዎስ ፊት ሊቀመጥ? አይሆንማ። በሩን ያዘላቸውና ከአቶ ግርማ ጋር ኋላ ተጣበበ። ከኋላ ሆኖ ጌጇ አይታየውም፤ እኔም ከመሪው ጋር ሆኜ አይታየኝም።

"ኦቦ ቱሉ" አላቸው፣ "ይቺን መርፌ ያዩዋታል? ከቀይዋ መስመር በታች ስትወርድ ብቻ 'ወረደች' ይበሉን። ሌላ ሥራ የለብዎትም።"

"እሺ ልጄ፣ ዓይኔ ገና ደህና ነው" አሉ።

አዲሱ ገበያን አልፈን ዳገቱን ጀመርን። አራት ሰው ነን፤ ከዚያ በፊት እንዲያ ተጭኖባት አያውቅም። ቱርቦው ነፋ፣ ኮሮላዋ ተነሳች፣ ደረቴ በደስታ ሞላ። ማቴዎስ ከኋላ "ኦቦ ቱሉ፣ መርፌዋ እንዴት ናት?" አለ።

"ደህና ናት።"

ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ደግሞ ጠየቃቸው። "ሰላም ናት፣ ሰላም ናት" አሉ። ድምፃቸው ትንሽ ፈጠን አለብኝ። ዞር ብዬ ሳያቸው ፊታቸውን ከጌጇ አዙረው ባሕር ዛፉን ያያሉ። ወዲያው ሞተሩ ቀጭ ቀጭ ማለት ጀመረ፤ እግሬን ሳላነሳ "ዷ!" አለና ከኋላችን ሰማያዊ ጭስ ቦለል አለ። ኮሮላዋ መንገዱ ዳር እንደምንም ደርሳ ቆመች።

ማቴዎስ ወርዶ የቤንዚኑን ፊልትሮ ፈታ፤ የጀሪካኑ ቆሻሻ ጨርቁን አልፎ ፊልትሮውን ደፍኖታል። ፓምፑ ቢገፋ ቢገፋ ከየት ያሳልፍ? ቱርቦው አየሩን ነፋ፣ ቤንዚኑ አልደረሰም፣ ፒስተኑ ተበሳ።

"ኦቦ ቱሉ፣ መርፌዋ አልወረደችም ነበር?"

"ከወረደችማ ቆየች።"

"ታዲያ ምነው ዝም አሉን? በእግዚአብሔር!"

ኦቦ ቱሉ ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከሉና በቁጣ አዩት። "አንተ ልጅ! ሽማግሌ ለሚስት ጥየቃ እየሄደ መንገድ ላይ 'ወረደ፣ ቀነሰ' ይላል? በየት አገር ሰምተህ ነው? ይኼ ሰው ትዳር ሊይዝ ነው! በዚህ ሽበቴ ክፉ ቃል አውጥቼ ዕድሉን ልዝጋበት?"

አቶ ግርማ ሆዱን ይዞ ይስቃል፤ ያን ቀን ብቻ ነው ሲስቅ ያየሁት። እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ። ሰዓቱ ወደ ስድስት እየተጠጋ ነው፤ ምሳ ሊቀርብ ነው፤ ኦቦ ደሬሳ በር በሩን እያየ ነው። "አለቀ በቃ፣ አለቀ" ማለት ብቻ ሆነ ሥራዬ። ያቺ ክፍልና ያ ሬዲዮ ፊቴ ላይ ድቅን አሉ።

"ምን አለቀ?" አሉ ኦቦ ቱሉ። "እኛ ሽማግሌ ነን እንጂ ፒስተን ነን? አቁሙልኝ ያንን መኪና!"

ባዶ የወተት ጀሪካን ጭና ወደ ላይ የምትወጣ ፒክአፕ ነበረች። ሹፌሩ ጋቢውንና ከዘራውን አይቶ ቆመ። ኦቦ ቱሉን ፊት አስገባ፤ አቶ ግርማና ማቴዎስ ኋላ ከጀሪካኑ መሀል ቁጢጥ አሉ፤ የማቴዎስ ከረባት በነፋሱ ትከሻው ላይ ይውለበለባል። "አንተ እዚሁ ቁም፣ እንዳትከተል!" ብለውኝ ሄዱ።

ቆምኩ። ከዚያ የረዘመ ከሰዓት በኋላ አላውቅም። ከወተት ጀሪካን መሀል የወረደ ሽማግሌ ማን ይሰማዋል? ደግሞስ ደርሰው ይሆን? ከላይ የሚወርድ መኪና ባየሁ ቁጥር ጫልቱ ከነላሞቿ ውስጡ ያለች ይመስለኛል። አንድ ሹፌር አንገቱን አውጥቶ "መንገዱ ሊዘጋ ነው መሰል፣ ቶሎ ውረድ ጋሼ!" አለኝ። በምን ልውረድ? ቅጠል የተሸከሙ ሴቶች አልፈው ሲሄዱ አንዷ "አይዞህ" አለችኝ፤ ለመኪናው መስሏት ነው። ኮቴን አጥብቄ የማርያምን ስም እየጠራሁ ካወረድኩት ትርፍ ጎማ ላይ ተቀመጥኩ። እዚያ ቁጭ ብዬ ነው ምን ያህል እንደምወዳት ያወቅሁት። ኮሮላዋ ብትቃጠል፣ ቱርቦው ገደል ቢገባ ግድ አልነበረኝም።

ፀሐይዋ ዘመም ስትል አንድ አይሱዙ ከላይ መጣ። ጭነት መያዣው ላይ ለከብት የሚነጠፍ ድርቆሽ ተነጥፎበታል። መሪው ላይ ያለውን ሰውዬ በፎቶ አውቀዋለሁ፤ ኦቦ ደሬሳ ነው። ሳያየኝ አልፎኝ ቁልቁል ወረደ። ላሞቹ አልተጫኑም፤ ምን ማለት ነው? ተሸጡ? ከታች ሰፋ ያለው ቦታ ላይ ሲደርስ ዞረ፣ ተመልሶ ወጣና ከኮሮላዋ ፊት ቀድሞ ቆመ። ወረደ። ረጅም፣ ኮስታራ ሰው ነው፤ "አከም" ብቻ ብሎኝ ወፍራም ገመድ አወጣና ዝም ብሎ ማሰር ጀመረ።

"ኦቦ ደሬሳ" አልኩ፤ "ሽማግሎቹ… ደረሱ?"

"ምሳ እየበሉ ነው። መልሱን እነሱ ይነግሩሃል፤ ከእኔ አፍ አትሰማም፣ ወግ አይደለም።"

"እንግዲያው መኪናዋን ወዴት ነው የምንጎትታት? ጋራዡ ታች ቡራዩ ነው።"

ገመዱን አጠበቀ፣ ቀና አለ፣ በአገጩ የአይሱዙዋን አፍንጫ አሳየኝ። አፍንጫዋ ሽቅብ ወደ ሱሉልታ ነው። ሌላ ምንም ሳይል ወጥቶ ሞተሩን አስነሳ።

መሪዬን ይዤ ተቀመጥኩ። ዓይኔ እንባ ሞልቶ መንገዱ አይታየኝም። ገመዱ ተወጠረ፣ አይሱዙዋ አጓራች፣ ኮሮላዋ ግን ንቅንቅ አልል አለች። በዚህ ጊዜ ከአይሱዙዋ ጋቢና የማውቀው ሻሽ የታሰረበት አንድ ጭንቅላት ብቅ አለ።

"አንተ ሰውዬ! ምን ታለቅሳለህ? የእጅ ፍሬኑን ልቀቅ እንጂ!"

ለቀቅሁት።